ቆርጬ የጣልኩት ክፍል

አንድ የተቀረጸ ንግግር ወደ አማርኛ ስመልስ ሆን ብዬ ቆርጬ የጣልኩት ክፍል አለ። ርዝመቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ምክንያት ለአንድ የገጠር ከተማ ትምህርት ቤት የተዋጣ ገንዘብ ያለ ቦታው ዋለ፤ ሀሁ ያስቆጠሩኝ መምህርትም በሰው ፊት አንገታቸውን ደፉ። ገንዘቡን ካዋጡት ውስጥ ለጥቂቶቹ ጥፋቴን በቃል ነግሬያቸዋለሁ። ለቀሩት የምናዘዘው በዚህ ጽሑፍ ነው።

ንግግሩ የሱጋታ ሚትራ ነው። ሚትራ ሕንዳዊ የትምህርት ተመራማሪ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዴልሂ፣ ካልካጂ በሚባል ሰፈር፣ መሥሪያ ቤቱን ከድሆቹ መንደር በሚለየው ግንብ ላይ ቀዳዳ አስበጅቶ ኮምፒውተር ገጠመበት። የመንደሩ ልጆች ማንም ሳያሳያቸው መነካካት ጀመሩ፤ ውለው ሳያድሩም አንዱ ለሌላው እያሳየ ኢንተርኔት መጠቀም ቻሉ። በ2013 ቴድ የተባለው የንግግር መድረክ የዓመቱን ሽልማት፣ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠው። ሽልማቱን ሲቀበል ያደረገውን ንግግር ደግሜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ያን ጊዜ የተቀረጹ ንግግሮች ለእኔ ከመዝናኛ በላይ ነበሩ። ቴድ እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጀመር መግቢያ ከፍለው ለሚታደሙ ጥቂት ሰዎች የተዘጋጀ ጉባኤ ነበር፤ ከ2006 ጀምሮ ግን ንግግሮቹን በነፃ በኢንተርኔት ለቀቃቸው። እኛ ዘንድ በቀጥታ ማየት የማይታሰብ ነበር። ደህና መስመር ያለው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጓደኛ ያወርዳል፣ በፍላሽ ይገለበጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኔም ማታ ማታ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ አያለሁ። ስዊድናዊው ሐኪም ሐንስ ሮስሊንግ የሕዝብ ጤና አኃዞችን በስክሪን ላይ እያስኬደ ስለ ድሃ አገሮች የነበረኝን ግምት አፈራረሰው። ከንድፍ ሊቁ ከዶናልድ ኖርማን፣ ሰው የሚጎተተውን በር ቢገፋ ጥፋቱ የበሩ እንጂ የሰውየው እንዳልሆነ ተማርኩ፤ ከዚያ ወዲህ የምጨብጠውን እጀታ ሁሉ ልብ እል ጀመር። ስለ ኅብረተሰብ፣ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ዕቃ አሠራር እንዲህ የሚያስብ ሰው በአካባቢዬ አላገኘሁም ነበር። ወይም አለመኖሩን ሳልፈልግ ደምድሜያለሁ።

ከሁሉም የበለጠ የነካኝ የዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ንግግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሩሻ፣ ታንዛኒያ ላይ ቆመው፣ ገበሬው ምርት ሲትረፈረፍለት ዋጋ ወድቆበት እህሉን እንደሚጥል፣ በማግስቱ ደግሞ ያው አገር እንደሚራብ አስረዱ፤ መፍትሔው የተደራጀ ገበያ ነው አሉ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ንግግሩና ሥራው በዚህ ፍጥነት ሲከታተሉ ሳይ፣ ጥሩ ሐሳብ በጥሩ አንደበት ከተነገረ መሬት ለመውረድ ብዙ አይቀረውም ብዬ አመንኩ። እሳቸው ከዚያ መድረክ በፊት የእህል ገበያን ለዓመታት ሲያጠኑ፣ ከነጋዴና ከደላላ ጋር ሲውሉ እንደኖሩ ልብ አላልኩም። የቴድ ንግግር ከ18 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ከእነዚያ ደቂቃዎች በስተጀርባ ያለውን ዕድሜ ለማየት ዓይን ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ዓይኔን መድረኩ ላይ ብቻ ተክያለሁ።

በዚህ መንፈስ ሳለሁ ነው የትውልድ ከተማዬ ልጆች የተማርንበትን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንርዳ ብለው የተነሡት። አዋጪዎቹ ብዙ ነበርን፤ አዲስ አበባ ያለን፣ ዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዱ፣ ጅዳና ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን። «አንተ የተማርክ ነህ» ተብዬ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩ። ምን ይሠራበት የሚለውን ጥናት የማቀርበውም እኔ ነበርኩ። የምሥራች የመሰለ ነገርም በእጄ ነበር፤ የሚትራ ግድግዳ።

አንድ የአገር ቤት ወሬም ጨመርኩበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የ100 ዶላር ላፕቶፕን ሐሳብ ያቀነቀነው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና ድርጅቱ፣ ለወንጪና ለወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት በካርቶን እንደታሸገ ታብሌት መስጠታቸው ተሰምቶ ነበር። አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው መጠቀም ቻሉ ተባለ። ሕንድ ሩቅ ናት ለሚለኝ ሰው ወንጪን እጠራለታለሁ አልኩ። በጥናቴም ገንዘቡ ታብሌት ይገዛበት ብዬ ጻፍኩ።

ከትምህርት ቤቱ ግን ጥያቄ መጥቶ ነበር። ከመስመር ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ፣ በዚያ በማውቀው የተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት፣ መምህርቷ የጻፉት ነው፦ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የሚሆኑ የአማርኛ ተረትና ታሪክ መጻሕፍት፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ። ወረቀቱን ሳነብ የተሰማኝን እዚህ መደበቅ አልፈልግም። ናቅኩት። ዓለም የት ደርሶ እኛ ስለ አግዳሚ ወንበር እናወራለን ብያለሁ።

ስብሰባው አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ተደረገ፤ ፕሮጀክተር ተውሰን ግድግዳው ላይ አሳየን። ንግግሩን አሳጥሬ፣ ከሥሩ አማርኛ ጽፌ ነው ያዘጋጀሁት። መጀመሪያ የቆረጥኩት ቀልዱንና ማጀቢያውን ነበር፤ አንድ ቦታ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ሚትራ ካሊኩፓም በምትባል የደቡብ ሕንድ መንደር ያደረገውን ሙከራ ይተርካል። የመንደሩ ልጆች ከባድ የሥነ ሕይወት ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ በራሳቸው፣ ከኮምፒውተር ይማሩ እንደሆነ ሊያይ ፈለገ። ከዜሮ ተነሥተው ፈተናው ላይ 30 በመቶ አመጡ። ይህ ለማለፊያ ስላልበቃ ልጆቹ የሚወዷትን አንዲት የ22 ዓመት ወጣት ለመናት። የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ መምህርት አይደለችም፤ ትምህርቱንም አታውቀውም። የአያቶችን ዘዴ ተጠቀሚ አላት፦ ከኋላቸው ቁሚ፣ የሠሩትን አድንቂ፣ ይህን እንዴት አወቃችሁት በያቸው። ውጤታቸው 50 በመቶ ደረሰ።

ያን ክፍል አወጣሁት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሰዓት መቆጠብ ነው። እውነቱ ግን ክፍሉ ያቀድኩትን ነገር ያፈርስብኛል። ልጆቹ ወደ ላይ የወጡት ከአጠገባቸው ሰው ሲቆም ነው፤ ሰው ደግሞ ደመወዝ፣ ጊዜ፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። የእኔ ጥናት የዕቃ ዝርዝር እንጂ የሰው ዝርዝር አልነበረውም።

ቪዲዮው ሲያልቅ ወላጆች አጨበጨቡ። መምህርቷ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ነገሩ ደስ ይላል» አሉ። «እኛ ዘንድ ግን ሦስተኛ ክፍል ደርሰው ስማቸውን አስተካክለው የማይጽፉ ልጆች አሉ። ይኼ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ማን አጠገባቸው ይቀመጣል?»

የጠየቁት እኔ የቆረጥኩትን ነው። መልሱ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር። «ቲቸር፣ አሁን ያየነው እኮ ልጆች ያለ አስተማሪ እንደሚማሩ ነው» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ላስተማሩ ሴት፣ እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ ጣቶቼን ይዘው ላሳዩኝ ሴት፣ በባልደረቦቻቸውና በተማሪዎቻቸው ወላጆች ፊት ነው። ምንም አልመለሱም። ዝርዝሩን የጻፉበትን ወረቀት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ተቀመጡ። ታብሌት ይገዛ የሚለው በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ እሳቸውም እጃቸውን አወጡ።

ዕቃው መጣ። ከመኪና በወረደበት ዕለት በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፤ እያንዳንዱ ታብሌት ጀርባው ላይ የንብረት ቁጥር ተለጠፈበት፤ በንብረት ክፍሉ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ተቆለፈ። ከዚያ ማውጣት የሚፈልግ መምህር በሞዴል 22 ፈርሞ ይወስዳል። የፈረመ ሰው ደግሞ ዕቃው ቢሰበር፣ ቢጠፋ፣ ከፋይ ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤት ለሠራ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እኔም አውቀዋለሁ፤ በጥናቴ ላይ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩበትም። ሚትራ ኮምፒውተሩን ግድግዳ ላይ ሲገጥመው ዋናው ብልሃት ዕቃው ከማንም ፈቃድ ውጭ መሆኑ ነበር። ልጁ ቁልፍ አይለምንም፣ ፊርማ አይጠየቅም። እኛ የገዛነው ዕቃውን ብቻ ነው፤ ብልሃቱን ቁም ሣጥኑ ውጦታል። ንድፍ ሲባል የሚታየኝ ስክሪኑና ቅርጹ ነበር። ቁልፉን የያዘው ሰው፣ ሞዴል 22፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋው መብራት፣ የፊደል መጻፊያ የሌለው ኪቦርድ፣ እነዚህ ሁሉ የዚያ ዕቃ አካል መሆናቸውን የንድፍ ንግግር ሲሰማ የሚያድረው ሰው አላየም።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነገር አልታየም ማለት ሐሰት ይሆንብኛል። አርብ አርብ ከሰዓት ልጆቹ በቡድን በቡድን ሆነው ይነካኩ ነበር፤ ጥቂቶቹ የእንግሊዝኛ ፊደል ዜማ ይዘዋል፣ ሥዕል የሚሥሉም ነበሩ። ከዚያ አንድ ስክሪን ተሰነጠቀ። ፈርሞ ያወጣው ወጣት መምህር ከደመወዙ ወር በወር እየተቆረጠበት ከፈለ። ከዚያ በኋላ የሚፈርም አልተገኘም። ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም፤ የአንድ ጀማሪ መምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ እናውቃለን።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ገፋሁበት። ለአዋጪዎቹ የተላከው ሪፖርት የእኔ ሥራ ነው። ርክክቡ ዕለት ልጆቹ ታብሌት ከፍ አድርገው የተነሡትን ፎቶ ፊት ለፊት አደረግሁ፤ ዕቃው ለምን ሥራ ላይ እንዳልዋለ ሲጠየቅ «የመምህራን የአመለካከትና የክህሎት ክፍተት» ብዬ ጻፍኩ። በሩን የገፋውን ሰው ሳይሆን በሩን ውቀስ የሚለውን ትምህርት በቃሌ የያዝኩ ሰው፣ የራሴ በር አልከፈት ሲል ሰዎቹን ወቀስኩ። ጅዳ የምትሠራ አብሮ አደጌ ደግሞ በስልክ ጠየቀችኝ፤ ልጇ በዚያ ትምህርት ቤት፣ ከአያቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። «ልጄም ትጠቀምበታለች አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ያን ጊዜ ቁም ሣጥኑ ከተቆለፈ ሰንብቷል። ከዋሸኋቸው ሁሉ ይህቺኛዋ ውሸት ትከብደኛለች።

ዓይኔን የገለጠው ሌላ የተቀረጸ ንግግር ነው፤ ስለዚህም ንግግሮቹን መርገም አልችልም። ቲሞቲ ፕሬስቴሮ የተባለ አሜሪካዊ የንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2012 ቦስተን ላይ ያደረገው ነው። ድርጅቱ በድሃ አገሮች ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ከመኪና መለዋወጫ የሚሠራ ማሞቂያ ነደፈ። ነገሩ የሰው ልብ የሚያሞቅ ታሪክ ነበረው፦ የፊት መብራቱ ሙቀት ይሰጣል፣ የመኪና መካኒክ ይጠግነዋል። ታይም መጽሔት በ2010 ከዓመቱ 50 ምርጥ ፈጠራዎች አንዱ አደረገው። ፕሬስቴሮ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ዕቃው ተደነቀ እንጂ የሚያመርተው እንዳላገኘ፣ ሕፃናትን እንዳላሞቀ በግልጽ ተናገረ። ሰውን ለማስደነቅ መንደፍና ውጤት ለማምጣት መንደፍ የተለያዩ መሆናቸውን ዘግይቶ እንደተረዳ አመነ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ከቬትናም ባልደረቦች ጋር ሆኖ ቢጫ ለያዛቸው ሕፃናት የብርሃን ማከሚያ ሠራ። መኝታው አንድ ሕፃን ብቻ የሚይዝ ሆኖ ነው የተሠራው፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ብዙ ሕፃናትን አንድ መብራት ሥር ማስተኛት የተለመደ ነበርና። ይህን ያወቁት ሆስፒታል ውስጥ ቆመው ሲያዩ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ የሚትራን ንግግር እንደገና ከፈትኩት፤ ሙሉውን። ወጣቷ እዚያው ነበረች። ተናጋሪው አልደበቃትም፤ የደበቅኋት እኔ ነኝ። የወንጪንም ወሬ ተመልሼ አነበብኩ። አዋቂዎች ታብሌቱን በፀሐይ ኃይል እንዲሞሉ ሠልጥነው ነበር፤ በየሳምንቱም አንድ ባለሙያ እየሄደ የማስታወሻ ካርዶቹን ይቀይር ነበር። እዚያም ሰው አለ። ፓያል አሮራ የተባለች ተመራማሪ በሰሜን ሕንድ የግድግዳ ኮምፒውተሮች የነበሩባቸውን ቦታዎች ሄዳ አይታ፣ ተትተው እንዳገኘቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ጽፋለች። በፔሩም መንግሥት ለልጆች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ካደለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በሒሳብም በቋንቋም ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። እነዚህ ሁሉ ስብሰባችን ሲደረግ ለንባብ የቀረቡ ነበሩ። እዚሁ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። መምህርቷ ስማቸውን የማይጽፉ ልጆች አሉ ሲሉ የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ከሩቅ አገር ጥናት ቢመጣልኝ ኖሮ ጆሮ እሰጠው ነበር፤ ከአንደኛ ክፍል መምህርት አፍ ስለወጣ አልሰማሁትም።

መምህርቷን ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቡና ተፈላ። ስለ መልሴ ይቅርታ ስጠይቅ «ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽህም» አሉ። የቆረጥኩትን ክፍል ስልኬ ላይ አሳየኋቸው፤ የሚለውን እየተረጎምኩላቸው እስከ መጨረሻው አዩት። እኔ ልባቸው ይረካል፣ ትክክል እንደነበሩ ያያሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ስክሪኑን ትንሽ አዩና «እኔ ክፍል ሰባ ልጅ ነበር» አሉ። «ከሰባ ልጅ ኋላ አንድ ሰው እንዴት አድርጎ ይቆማል?» ይቅርታ ለመጠየቅ የሄድኩት ሰውዬ አሁንም መልስ ይዤ የሄድኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያውቁታል።

ከዚያ ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር አንድ የብስኩት ካርቶን አወጡ። ውስጡ በየዓመቱ ራሳቸው ሲሠሯቸው የኖሩ ፊደሎች ናቸው፤ ከሲጋራ ፓኮ፣ ከሳሙና ካርቶን የተቆረጡ፣ በፓርከር የተጻፉ። ሀ ሐ ኀ በሦስት የተለያየ ቀለም ተለይተዋል። የ«ጨ» እና የ«ጠ» ካርዶች ጠርዛቸው ተልጧል፤ ልጆች የሚያምታቱት እነዚህን ስለሆነ ብዙ ይነካካሉ አሉኝ። አንዱን ካርድ አንሥቼ ሳገላብጥ፣ ከኋላው ያንኑ ፊደል በነጠብጣብ ጽፈውታል፤ ልጁ በጣቱ እንዲከተለው። በሌሊት ማዳመጫ ሰክቼ ስፈልገው የነበረው ዓይነት አሳቢ፣ ዕቃውን ለተጠቃሚው ጣት ልክ የሚሠራ ሰው፣ ያስተማረኝ ሰው ነበር። አንድም ቀን ምን ይሠራሉ ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ንግግር ማየት አልተውኩም፤ ልተውም አልፈልግም። ከእነዚያ መድረኮች ያገኘሁት ሐሳብ አእምሮዬን አስፍቶታል፤ ይህንንም ኑዛዜ እንድጽፍ ያስቻለኝ የፕሬስቴሮ ድፍረት ነው። በስብሰባ ላይ የተቀረጸ ንግግር የምታሳዩ ወንድሞችና እህቶች ካላችሁ የምለምናችሁ አለ፦ ሳትቆርጡ አሳዩት፤ ከማሳየታችሁም በፊት ሥራውን የሚሠራው ሰው የጻፈውን ዝርዝር ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

በዚያ ዙር ላዋጣችሁ ሁሉ፦ ውሳኔው በኮሚቴ ቢፈረምም ኮሚቴው ያየው እኔ የቆራረጥኩትን ነው። በሪፖርቱ ላይ ስለ መምህራኑ የተጻፈው ሐሰት ነው፤ ጻፊው እኔ ነኝ። ከደመወዙ ለተቆረጠበት መምህር ገንዘቡን መልሻለሁ። ጅዳ ላለችው እህቴ እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ ልጇ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። በዚህ ዓመት እንደገና የተጀመረው መዋጮ ለአማርኛ የንባብ መጻሕፍትና ለመደርደሪያ ነው። ዝርዝሩን የጻፉት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን ናቸው፤ መጻሕፍቱም ሞዴል 22 ሳይፈረምባቸው ክፍል ውስጥ በክፍት መደርደሪያ እንዲቀመጡ ከርዕሰ መምህሩ ጋር በጽሑፍ ተስማምተዋል። እኔ ኮሚቴው ውስጥ የለሁም።